ውሃው አልቀጠነም፤ መድረኩ ነው የጠበበው

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አነስተኛ የመስኖ ግድብ ላይ የተደራጀን ወጣቶች ነን። ፓምፑን ውሃው ላይ ለማስቀመጥ ባለ 200 ሊትር አራት የብረት በርሜሎችን አስተኝተን፣ ሁለት ሁለቱን በሁለት ረድፍ አጠጋግተን አሰርንና ከላይ አጣናና ጣውላ መታንበት። ባዶውን ጥሩ ተንሳፈፈ። ፓምፑን ስንጭንበትም ምንም አልሆነም። ሞተሩን ለማስነሳት ሁለት ልጆች ሲወጡበት ግን ባንድ ጎኑ ተገለበጠ። አውጥተን አስተካክለን ብንመልሰው በማግስቱ አንዱ ማዕዘን ዝቅ ብሎ አገኘነው። የአካባቢው አባቶች ‹የደጋ ውሃ ቀጭን ነው፤ ሸዋ ሮቢት ቢሆን ኖሮ ይሸከምላችሁ ነበር› ይላሉ። እውነት ነው ወይ? በርሜል እንጨምር ወይስ ወደ ፕላስቲክ እንቀይር? መርከብ ከብረት ተሠርቶ ካልሰጠመ የኛን ምን ነካው?»

ምላሽ፦

ልጆቹ በሰላም ከወጡ ሌላው ሁሉ የሚስተካከል ነው። ውሃው አልበደለም። በርሜል መጨመርም አያስፈልጋችሁም፤ ያሏችሁን አራቱን ማራራቅና ቡሻቸውን በደንብ መድፈን ይበቃል። ጠብ የፈለገ ሰው «ውሃ ቀጠነ» ይላል እንደሚባለው፣ መድረክ ሲገለበጥም ውሃው ላይ ማሳበብ ይቀላል። ሂሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ብረት ለምን እንደሚንሳፈፍ ለመረዳት ከባቄላ እንጀምር። ለአሹቅ ባቄላ ስትነክሩ ደህናው ወደ ታች ይወርዳል፣ የነቀዘው ከላይ ይቀራል። ሁለቱም የአንድ ማሳ ፍሬዎች ናቸው፣ መጠናቸውም እኩል ነው። ነቀዙ የአንደኛውን ሆድ በልቶ በቦታው አየር ስለተካበት ብቻ ነው የተለያዩት። ውሃ የባቄላውን የውጭ መጠን እንጂ ሆዱን አያውቅም። አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ የራሱን ቦታ ያህል ውሃ ያፈናቅላል፤ ውሃውም በተፈናቀለው ውሃ ክብደት ልክ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን ሕግ የሲራኩሱ አርኪሜደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን አስቀምጦታል፣ እስከ ዛሬም መርከብ የሚነደፈው በዚሁ ነው። የነገሩ ክብደት ካፈናቀለው ውሃ ክብደት ከበለጠ ይሰጥማል፤ ካነሰ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ጠልቆ ይቆማል።

አሁን ባቄላውን በላሜራ ተኩት። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ላሜራ 7 ኪሎ ከ850 ግራም ይመዝናል። ጠቅልላችሁ ድፍን ብታደርጉት የሚያፈናቅለው 1 ሊትር ውሃ ብቻ ስለሆነ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ያንኑ ላሜራ በአራቱም ጎን 5 ሴንቲሜትር አጥፋችሁ ማዕዘኑን ብትበይዱት ግን 90 በ90 በ5 የሆነ ትሪ ይሆናል፤ እስከ ከንፈሩ ድረስ ሲጠልቅ 40 ሊትር ያህል ያፈናቅላል። ከራሱ ክብደት ሌላ 32 ኪሎ ተሸክሞ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ብረቱ ያው ነው፣ የታቀፈው ባዶ ቦታ ነው የተለወጠው። ከንፈሩ እስኪደርስ መጫን ግን ሞኝነት ነው፤ አንድ ማዕበል ገባ ማለት ጨዋታው አለቀ። 2 ሴንቲሜትር ከውሃው በላይ ካስቀራችሁለት 24 ሊትር ብቻ ነው የሚያፈናቅለው፣ የሚሸከመውም ወደ 16 ኪሎ ይወርዳል። ከመሸከም አቅም ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ የሚባለው ለዚህ ነው።

በእናንተ በርሜል እናስላው። የተለመደው ባለ 200 ሊትር የብረት በርሜል ባዶውን 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ወርዱ 58፣ ቁመቱ 88 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ጢም ብሎ ሲሞላ 216 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ለጥንቃቄ ግን 200 ብለን እንያዝ። አራቱ በጠቅላላ 800 ኪሎ ያነሳሉ። ከላይ ያለው ደግሞ፦ አራቱ በርሜሎች ራሳቸው 80፣ አጣናና ጣውላው 100፣ ፓምፑ ከነሞተሩ 60፣ ሁለት ልጆች 140፣ ድምሩ 380 ኪሎ። ከግማሽ በታች ነው። እንግዲህ ባዶውን ሲንሳፈፍ ያያችሁት ትክክል ነበር፤ መድረኩ ለመስጠም ምንም ምክንያት አልነበረውም። አልሰጠመምም። የተገለበጠ ነው። መስጠምና መገልበጥ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ስለ «ቀጭን ውሃ»

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ለአባቶች መልስ እንስጥ፤ ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለምና። ውሃ ውሃን አያክልም፣ ጥግግቱ ይለያያል። ግን የሙቀቱ ነገር እንዲያውም ተቃራኒ ነው። ውሃ ከምንም በላይ የሚጠጋጋው 4 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ዲግሪ ላይ 998፣ 30 ዲግሪ ላይ 995.7 ኪሎ ይሆናል። የደጋው ውሃ 12 ዲግሪ፣ የቆላው የሸዋ ሮቢት ውሃ 28 ዲግሪ ነው ብንል የደጋው በሜትር ኩብ 3 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ይከብዳል። ስለዚህ «ወፍራሙ» የደጋው ነው። ይህም ሆኖ ለ800 ሊትር መድረክ የሚያመጣው ልዩነት 3 ኪሎ እንኳን አይሞላም፤ ልጁ ቦት ጫማውን ቢያወልቅ ይካካሳል።

ከፍታውስ? ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የመሬት ስበት በጣም በትንሹ ይቀንሳል። ስበቱ ግን የሚቀንሰው በበርሜሉም በውሃውም ላይ እኩል ነው፣ በርሜሉ የሚጠልቀው ልክ አይለወጥም። ከፍታ የሚጎዳችሁ በሌላ በኩል ነው፤ ፓምፓችሁን። ፓምፕ ውሃን «አይስብም»፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ የውጭው አየር ግፊት ውሃውን ገፍቶ ያስገባል። በባህር ወለል ላይ ይህ ግፊት በሐሳብ ደረጃ ውሃን 10.3 ሜትር ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በእናንተ ከፍታ 7.3 ሜትር ብቻ ነው። ቱቦው፣ ውሃው እንዳይመለስ ከቱቦው ሥር የሚገባው ፉት ቫልቭና የፓምፑ ድካም ሲቀነስ ባህር ወለል ላይ 7 ሜትር የሚስብ ፓምፕ እናንተ ጋ 4 ሜትር ከሳበ ደግ ነው። በዚህ ላይ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል፣ ሲደመር ሲሶ ሊጠጋ ነው። ስለዚህ ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ፣ ማለትም ተንሳፋፊ መድረክ መሥራት፣ ለደጋ ሰው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሐሳባችሁን አትተዉት።

ጥግግትን በእርግጥ የሚለውጠው ጨው ነው። የባህር ውሃ በሜትር ኩብ 1,025 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ፣ አጠቃላይ ክብደቱ 10,000 ቶን የሆነ መርከብ ባህር ላይ 9,756 ሜትር ኩብ ውሃ ያፈናቅላል፤ ያው መርከብ ከእነጭነቱ ወደ ጨው አልባ ወንዝ ቢገባ 10,000 ሜትር ኩብ ማፈናቀል ስላለበት ዝቅ ይላል። በመርከቦች ጎን ላይ የሚታየው የጭነት ወሰን ለጨው ውሃና ለጨው አልባ ውሃ የተለያየ መስመር ያለው ለዚህ ነው። ይህ ምልክት በብሪታንያ በሕግ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1876 የፓርላማ አባሉ ሳሙኤል ፕሊምሶል ባደረገው ውትወታ ነበር፤ ከዚያ በፊት የመርከብ ባለቤቶች ከልክ በላይ እየጫኑ መርከበኞችን ይጨርሱ ነበር። ከባህር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ደግሞ ከውቅያኖስ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ስለሆነ ሰው ልስመጥ ቢል እንኳ አያሰጥመውም።

እቤት ማየት ከፈለጋችሁ አዲስ የተጣለ እንቁላል አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ክተቱና የገበታ ጨው በሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ አሟሙ። 120 ግራም አልፎ ወደ 150 ሲጠጋ እንቁላሉ ብድግ ይላል። አሮጌ እንቁላል አትጠቀሙ፤ ውስጡ አየር ስለሚበዛ ያለ ጨውም ሊነሳና ሊያሳስታችሁ ይችላል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። የሐምሌ ጎርፍ ውሃ፣ ጀማ ወንዝ ላይ እንደምታዩት ዓይነት ድፍርስ፣ ከጥሩው ውሃ የበለጠ ያነሳል። በሊትር 10 ግራም ደለል ከያዘ በሜትር ኩብ 6 ኪሎ ገደማ ይከብዳል፤ ከደጋና ቆላው ልዩነት በእጥፍ ሊጠጋ ነው። ተቃራኒው ደግሞ አደገኛ ነው፦ ከግድቡ ማስተንፈሻ ሥር የሚገላበጠው ነጭ አረፋ። እዚያ ውሃው ከአየር ጋር የተደባለቀ ነው፤ ሲሶው አየር ከሆነ የማንሳት ኃይሉም በሲሶ ይቀንሳል። ጎበዝ ዋናተኛም ጀሪካን ያቀፈ ሰውም እዚያ ይሰጥማል። መድረኩን ከማስተንፈሻው በላይም ሆነ በታች አታስጠጉት። ቀጭን ውሃ ካለ እሱ ብቻ ነው።

ለምን ተገለበጠ?

ማንኛውም ተንሳፋፊ ሁለት ኃይሎች ይጎትቱታል። አንዱ ክብደቱ ነው፤ በክብደቱ ማዕከል በኩል ወደ ታች። ሌላው የውሃው ግፊት ነው፤ በተፈናቀለው ውሃ ማዕከል በኩል ወደ ላይ። መድረኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁለቱ ባንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው። ትንሽ ሲያጋድል ያጋደለበት ጎን ጠልቆ ብዙ ውሃ ያፈናቅላል፣ የውሃው ግፊት ማዕከልም ወደዚያ ጎን ይሸሻል። ክብደቱ ከሄደው ይልቅ ግፊቱ አርቆ ከሄደ መድረኩን መልሶ ያቃናዋል። ክብደቱ ከቀደመ ግን ግፊቱ ራሱ ገልባጭ ይሆናል።

ግፊቱ ምን ያህል እንደሚሸሽ የሚወስነው በዋናነት ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ በካሬ ነው የሚሠራው። በርሜሎቹን አጠጋግታችሁ ስታስሩ የሁለቱ ረድፎች መካከለኛ መስመሮች በ60 ሴንቲሜትር ነው የሚራራቁት። ከሰዎቹ ጋር የ380 ኪሎውን ሂሳብ ስንሠራው፣ መድረኩ ራሱን እንዲያቃና የክብደቱ ማዕከል ከተፈናቀለው ውሃ ማዕከል ከ63 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። የእናንተው ስንት ነበር? የቆመ ሰው ክብደቱ ያለው እምብርቱ አካባቢ ነው፣ ከጣውላው 95 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ሁለቱ ልጆች፣ ሞተሩ፣ ጣውላውና በርሜሎቹ ሲደመሩ የጋራ ማዕከሉ ከተፈናቀለው ውሃ ማዕከል 82 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ያርፋል። 82 ከ63 ይበልጣል። ልጆቹ መሃል ላይ ቀጥ ብለው ቢቆሙ እንኳ ለመገልበጥ አንድ ማስነጠስ ይበቃ ነበር። ሰዎቹ በሌሉበት ጊዜ ደግሞ ማዕከሉ 46 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ወሰኑም ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ነበር፤ ባዶውንና ከፓምፑ ጋር በሰላም የቆመው ለዚህ ነው። ያያችሁት ሁሉ ከቁጥሩ ጋር ይገጥማል።

አሁን ያንኑ አራት በርሜል የረድፎቹን መካከል ለመካከል ርቀት 1.5 ሜትር አድርጉት። ወሰኑ ከ63 ሴንቲሜትር ተነስቶ 3 ሜትር ያልፋል። አንድም በርሜል አልጨመርንም። ሁለቱም ልጆች ባንደኛው ረድፍ ላይ ቢቆሙ እንኳ መድረኩ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ያጋድላል፤ ያኛው ረድፍ 260 ኪሎ ይሸከማል፣ አቅሙ ደግሞ 400 ነው።

ይህን ስህተት የሠራችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ቫሳ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ከስቶክሆልም ወደብ በተነሳበት በመጀመሪያ ጉዞው 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደ ትንሽ ነፋስ ገፋ አድርጎት ተገለበጠ። ላዩ ከብዶ ነበር። ከጉዞው በፊት ሠላሳ ሰዎች ከጎን ወደ ጎን እየሮጡ ሲፈትኑት በጣም ስለተናጠ ፈተናውን አስቁመውታል፤ መርከቡ ግን ሄደ። እናንተ በሁለት ልጅ ነው ያወቃችሁት።

በርሜሎቹን ማቆምም አይታሰብ። የቆመ በርሜል መድረኩን ከውሃው ከግማሽ ሜትር በላይ ያነሳዋል፤ የክብደት ማዕከሉን ከፍ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም።

በማግስቱ ለምን አንዱ ማዕዘን ወረደ?

ውሃ ጠጥቷል። የሚያስቀው ነገር በርሜሉ ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል። ቡሹን ቀትር ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ዘጋችሁት እንበል፤ ፀሐይ የመታው ብረት ውስጥ ያለው አየር 50 ዲግሪ ይደርሳል። ማታ፣ ያውም በታኅሣሥ ወይም በጥር ውርጭ፣ አየሩ ወደ 12 ዲግሪ ሲወርድ የውስጡ ግፊት በ12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በርሜሉ እንደ ሕፃን ይጠባል። ያረጀ ጎማ ያለው ቡሽ ከውሃው በታች ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ እየሳበ ያድራል፤ ቡሹ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ የበርሜሉ ጎን ወደ ውስጥ ሊሰረጎድ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቡሹን በማለዳ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ እያለ ዝጉ። ያኔ ቀን ላይ ግፊቱ ወደ ውጭ ይሆናል። ደካማ ቦታ ካለም አየር እያረፋ ራሱን ያጋልጣል።

የቡሹ አቀማመጥም አለ። አብዛኛው የብረት በርሜል አናቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ። በርሜሉን ስታስተኙ ትልቁን ወደ ላይ ካደረጋችሁ ትንሹ ወደ ታች ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ትንሹን አዲስ የጎማ ጋስኬትና ቴፍሎን አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ከላዩ ላይ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ደፍኑበትና እርሱት። ትልቁ ከላይ ሆኖ ለምርመራ ይከፈታል።

50 ሊትር የገባበት በርሜል 50 ኪሎ የማንሳት አቅም አጣ ማለት ብቻ አይደለም። ያ ውሃ ይሮጣል። መድረኩ ወዳጋደለበት ይፈስሳል፣ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል፣ ማጋደሉንም ያባብሰዋል። ከግማሽ ባነሰ ውሃ የሚንቦጫረቅ በርሜል ሙሉ ለሙሉ ከተሞላው ይልቅ ተንኮለኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀዳዳው እስኪገኝ ድረስ «ትንሽ ነው የገባው» ብላችሁ ሰው አታውጡበት።

ፕላስቲክ ወይስ ብረት

ሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል 9 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በእያንዳንዱ 11 ኪሎ ታተርፋላችሁ፣ ዝገትም የለም። ውሃ ቢሞላበትም ፕላስቲኩ ራሱ ከውሃ ትንሽ ስለሚቀል ወደ ታች አይጎትትም፤ ውሃ የሞላበት የብረት በርሜል ግን 17 ኪሎ ተኩል ይጎትታል። የፕላስቲኩ ጉድለት ሲሞቅ መልፈስፈሱና ማሰሪያው መላላቱ ነው። ሰፊ አፍና የሚቆለፍ ክዳን ያለው ዓይነት ካገኛችሁ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችን ክዳናቸውን አጥብቃችሁ ሙሉበት። በርሜሉ ቢበሳ እንኳ ጠርሙሶቹ ያነሳሉ፣ የገባው ውሃም እንደ ልቡ አይሮጥም። ጠባብ ቡሽ ያለው የብረት በርሜል ውስጥ ጠርሙስ አይገባም። እንደኔ ከሆነ ያሏችሁ የብረት በርሜሎች ካልዛጉ በእነሱ ሥሩ፤ ገንዘባችሁን ለማሰሪያና ለሕይወት አድን ጃኬት አውሉት።

በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ግን እወቁ። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ለመበየድ ወይም ለመቁረጥ እሳት አታስጠጉ፤ ባዶ ሲመስል ነው እንደ ቦምብ የሚፈነዳው። የፀረ ተባይ በርሜል ደግሞ ከብት የሚጠጣው፣ አትክልት የሚያጠጣ ውሃ ላይ ጨርሶ አይገባም።

አዲሱ አሠራር

ሁለት ረድፍ፣ በረድፍ ሁለት በርሜል ጫፍ ለጫፍ፤ መካከል ለመካከል 1.5 ሜትር። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ በበርሜሎቹ ትከሻ በግራና በቀኝ አንዳንድ አጣና በቁመት ይሄዳል። የአጣናው ወርድ 8 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 2.1 ሜትር ይሁን፤ ድምሩ አራት። በወርድ ደግሞ ሁለት ጫፍና ጫፍ ላይ፤ ባጠቃላይ ስድስት አጣና። ከላዩ 1.8 በ2 ሜትር ጣውላ፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲሜትር። ይህ ሁሉ ሲደርቅ ነው 100 ኪሎ የሚሆነው። ከቆረጣችሁት የሰነበተ ባህር ዛፍ ተጠቀሙ፤ እርጥቡ ባህር ዛፍ ውሃ ላይ ወይ ይሰጥማል ወይ በጭንቅ ይንሳፈፋል፣ ሸክም እንጂ ረዳት አይሆናችሁም። የጣና ሰዎችም ታንኳቸውን የሚሠሩበት ደንገል ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ አውጥተው ያደርቁታል። ባለ 40 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ከቻላችሁ በወርድ የሚሄዱትን ሁለቱን በእሱ ተኩ፤ መድረኩን ሁለት ላይ ሊያጥፍ የሚሞክረው ኃይል የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ረድፎቹን ከ2 ሜትር በላይ ማራራቅ ያማራችሁ እንደሆነ ያለ ቱቦላሬ አትሞክሩት።

እያንዳንዱን በርሜል በሁለት ቦታ እሰሩ፣ ማሰሪያው በርሜሉ ሆድ ላይ ከሚታዩት ሁለት ቀለበቶች ጎን ይረፍ፤ እንዳይንሸራተት ቀለበቱ ይይዘዋል። ከገመዱ ሥር የከመነዳሪ ቁራጭ አድርጉ፤ ያለበለዚያ የሞተሩ ንዝረት በሳምንታት ውስጥ ናይሎኑን ይበላዋል፣ የበርሜሉንም ቀለም ልጦ ዝገት ይጋብዛል።

ፓምፑ በትክክል መሃል ላይ፣ ከጣውላው በላይ ሳይሆን ቢቻል በሁለቱ ረድፎች መካከል ዝቅ ብሎ በተሠራ ወለል ላይ ይቀመጥ። የመሳቢያ ቱቦው በመሃሉ ክፍተት ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ወንፊቱ ከውሃው ገጽ ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ይጥለቅ፣ ጭቃው ላይ ግን አይረፍ። ከ50 ሴንቲሜትር ይልቅ ወደ ገጹ ካቀረባችሁት ውሃው እየተሽከረከረ አየር ይገባል፣ ፓምፑም ውሃ ይጥላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው መስደጃ ቱቦውን ነው። ባለ 3 ኢንች ቱቦ በሜትር 4.5 ሊትር ይይዛል። 10 ሜትሩን ከመድረኩ ጠርዝ ወደ ዳር በአየር ላይ ወጥራችሁ ብትወስዱት 45 ኪሎ ውሃ በአንድ ጎን ይንጠለጠላል። ውሃ ውስጥ የተኛ፣ ውሃ የሞላ ቱቦ ግን ከሞላ ጎደል ክብደት የለውም፤ ውሃ በውሃ ውስጥ አይመዝንምና። ስለዚህ ከፓምፑ ወዲያው በመሃል በኩል ወደ ውሃው አውርዱት፣ በየ2 ሜትሩ ባለ 5 ሊትር ባዶ ጀሪካን አስራችሁ ገጹ ላይ እንዲተኛ አድርጉ።

ለማሰሪያ ድንጋይ ስትመርጡ የአካባቢያችሁ ጥቁር ድንጋይ ጥሩ ነው፤ 100 ኪሎው ውሃ ውስጥ ሲገባ 64 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ኮንክሪት ከሆነ 58። በሁለት አቅጣጫ እሰሩ፤ ሞተሩ ሲነሳ ቱቦው እየተወጠረ መድረኩን ያዞረዋልና። ገመዱን ግን አጭር አታድርጉት። በበጋ ግድቡ ሲጎድል ችግር የለውም፤ በክረምት ውሃው በሁለት ሜትር ቢነሳና ገመዱ ባይበቃ መድረኩን ወደ ታች ይዞት ይቀራል፣ ደህና በርሜልም ተጎትቶ ሊሰጥም ይችላል።

ከሁለት ሰው በላይ አይውጣ። የወጣውም የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ አዋቂን ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የ10 ኪሎ ማንሳት ይበቃል። ባዶ ጀሪካን ማቀፍ ያነሳል፣ ግን ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አይመልስም። የደጋ ውሃ ብርድ ደግሞ ዋና የሚችለውንም ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ዳር ላይ ገመድ የያዘ ሰው ሳይኖር አንድም ቀን አይሠራ።

ሰው ከመውጣቱ በፊት በጀሪካን ፈትኑ። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 21 ኪሎ ነው፤ የታወቀ ክብደት፣ ቢወድቅም እንደ ድንጋይ ወርዶ የማይጠፋ። ሰባቱ ሁለት ሰው ያህላሉ። በአንዱ ረድፍ ላይ ደርድሯቸው፣ እንዳይንሸራተቱ እሰሯቸው፤ በሁለቱ ረድፎች መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የከፍታ ልዩነት ታያላችሁ። ጀሪካን አጭር ስለሆነ ክብደቱን እንደ ቆመ ሰው ከፍ አያደርገውም፤ ለዚህ ማካካሻ ቁጥሩን ወደ 10 አድርሱት። የወረደው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ካልሰጠመ አልፋችኋል።

ከዚያ ጀሪካኖቹን አውርዱና ፓምፑ ብቻ ባለበት ውሃው የደረሰበትን ቦታ በአራቱም በርሜሎች ላይ በቀለም አስምሩ። ከታች ወደ ላይ 19 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ መስመሩን እዩት፦ በዚህ ስፋት መድረኩ 1 ሴንቲሜትር ወረደ ማለት 20 ኪሎ ገደማ ተጨምሮበታል ማለት ነው። አራቱም እኩል ከወረዱ ጣውላው ውሃ ጠጥቷል፤ አንዱ ብቻ ከወረደ የዚያን በርሜል ቡሽ ክፈቱ።